የመሀል ከተማው የአውቶቡስ መስመሮች እንደ አዲስ ቢሳሉ ፌርማታ ላይ የምንቆምበት ጊዜ ያጥር ይሆን?

የለገሀር ተሳፋሪ (ጥያቄ)፦

ሥራዬ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ቤቴ ደግሞ ሳሪስ ነው። ለዓመታት ከሥራ ስወጣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርጄ ለገሀር ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ስለኖርኩ፣ የምናገረው ሁሉ ከተሳፋሪነት የተገኘ እንጂ የባለሙያ ዕውቀት አለመሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ። ሙያው ያላችሁ እንድታርሙኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ፌርማታው ደረስኩ። ከፊቴ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ያንጠለጠሉ እናት፣ ከእሳቸው ፊት ደግሞ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አዙሮ የያዘ ተማሪ ቆመዋል። ሰልፉ እየረዘመ ሄዶ፣ ኋላም ሰልፍነቱ ቀርቶ ዝም ብሎ ክምችት እስኪሆን ድረስ 35 ደቂቃ ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ አውቶቡስ በሩን መዝጋት እስኪያቅተው ተጭኖ ከላይ ከፒያሳ በኩል መጣና ከቆመው ሰው ሩቡን እንኳ ሳያነሳ ሄደ። ወዲያው፣ የትራፊክ መብራቱ እንኳ ሳይቀየር፣ ያው ቁጥር የተጻፈበት ሌላ አውቶቡስ ከጀርባው ደርሶ ቆመ፤ የዚህኛው ወንበር ግማሹ ባዶ ነበር። ባለ ሽንኩርቷ እናት «ይኼ መስመር እኮ ሁልጊዜ መንታ ነው የሚወልደው» ብለው ረጋ ብለው ወጡ፤ እኔም ተከትዬ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጥያቄዬ የተጸነሰው እዚያ ወንበር ላይ ነው። እኔ እንደማየው አብዛኞቹ የከተማችን አውቶቡስ መስመሮች ከዳር ተነሥተው መሀል ላይ የሚቋጩ ናቸው፤ መድረሻቸው ለገሀር፣ መርካቶ፣ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ነው። ከጀሞ የሚነሣውም፣ ከሳሪስ የሚነሣውም፣ ከአየር ጤና የሚነሣውም ሁሉም የመሀል ከተማውን መጨናነቅ በየራሱ ተራ ገብቶበት ይወጣል። እነዚህን ረጃጅም መስመሮች ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ ላይ ቆርጦ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ደግሞ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ለገሀርን አልፎ እስከ ሜክሲኮ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ አንድ አጭር መስመር ማቋቋም አይሻልም? መስመሩ ሲያጥር አውቶቡሱ ቶሎ ስለሚመለስ፣ አዲስ አውቶቡስ ሳይገዛ የሁላችንም ጥበቃ የሚቀንስ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ብታሳዩኝ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ የስምሪት ሠራተኛ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የሚገባ ነው። በአውቶቡስ ስምሪት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ግማሹን ሐሳብዎን እደግፋለሁ፣ ግማሹን ግን ሒሳቡ አይደግፈውም።

በመጀመሪያ ስለ መንታው። ሁለት አውቶቡሶች በ15 ደቂቃ ልዩነት ከመነሻ ይለቀቃሉ እንበል። የፊተኛው አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አራት ደቂቃ ቢዘገይ፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ላይ የአራት ደቂቃ ተጨማሪ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። ያንን ሁሉ ሰው ሲጭን፣ ሒሳብ ሲቀበልና ሲያወርድ የበለጠ ይዘገያል፤ የበለጠ በዘገየ ቁጥር የበለጠ ሰው ያገኛል። የኋለኛው በአንጻሩ የሚያነሳው ሰው ስለሌለው እየፈጠነ ይሄድና ይደርስበታል። ሾፌሮቹ ተነጋግረው ያደረጉት የሚመስለው ተሳፋሪ ብዙ ነው፤ ስንት ስድብ እንደተቀበልን እኔ ነኝ የማውቀው። ነገሩ ግን የሾፌር ጠባይ ሳይሆን የመስመሩ ርዝመትና የመንገዱ መጨናነቅ የሚወልደው ነው፤ መስመሩ በረዘመ መጠን መንታ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። የጉዳቱን ልክ ለማወቅ፣ በየ10 ደቂቃው መምጣት የነበረባቸው አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ፣ የተሰማራው አውቶቡስ ቁጥር ምንም ሳይቀንስ አማካዩ የተሳፋሪ ጥበቃ ከ5 ወደ 10 ደቂቃ ያድጋል። በዚህ በኩል መስመር ይጠር ማለትዎ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ስድስት መስመሮች ከተለያየ ዳርቻ ተነሥተው በሜክሲኮ በኩል ፒያሳ ይገባሉ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ የወሰድኩት ነው። የአንዱ ደርሶ መልስ 150 ደቂቃ ቢፈጅና እያንዳንዱ መስመር 5 አውቶቡስ ቢኖረው፣ በየ30 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ይደርሳል፤ ጠቅላላው 30 አውቶቡስ ነው። ከሜክሲኮ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ ስድስቱ ሲደመሩ በየ5 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ያልፋል ማለት ነው። እርስዎ እንዳሉት ሜክሲኮ ላይ ብንቆርጣቸውና የውስጡ ደርሶ መልስ 50፣ የውጪው 100 ደቂቃ ቢሆን፣ ውስጡን እንደ ቀድሞው በየ5 ደቂቃው ለማገልገል 10 አውቶቡስ ያስፈልጋል። የሚቀሩት 20 አውቶቡሶች ለስድስት መስመር ሲካፈሉ፣ በ100 ደቂቃ ምልልስ የሚሰጡት ያንኑ በየ30 ደቂቃው ነው። አንድም አውቶቡስ አልተረፈም! ተሳፋሪው ግን ሜክሲኮ ላይ ወርዶ ዳግመኛ ይሰለፋል። ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱ መስመሮችን መቁረጥ ብቻውን ትርፍ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከአንድ ሰፈር ተነሥተው ወደ ብዙ መድረሻ የሚበታተኑትን መስመሮች ይመልከቱ። ሦስት መነሻዎች፣ ጀሞ፣ ሳሪስና አያት፣ ሦስት መድረሻዎች ደግሞ ፒያሳ፣ መርካቶና አራት ኪሎ ይኑሩን። ሁሉንም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ለማገናኘት ዘጠኝ መስመር ያስፈልጋል። 36 አውቶቡስ ቢኖረንና የእያንዳንዱ ደርሶ መልስ 120 ደቂቃ ቢሆን፣ ለአንድ መስመር 4 አውቶቡስ ይደርሰዋል፤ በየ30 ደቂቃው አንድ ማለት ነው፣ አማካይ ጥበቃውም 15 ደቂቃ ይሆናል። ዘጠኙን በመሀል አንድ መቀየሪያ ላይ ብንቆርጣቸው ሦስት የውጪና ሦስት የውስጥ፣ በድምሩ ስድስት አጫጭር መስመሮች ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ምልልስ 60 ደቂቃ ስለሚሆን፣ ስድስት ስድስት አውቶቡስ ሲደርሳቸው በየ10 ደቂቃው ይመጣሉ። ተሳፋሪው አንዴ 5፣ አንዴ 5፣ በጠቅላላው በአማካይ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። የአውቶቡሱ ቁጥር ያው 36 ነው፤ ከአንዱ ሰፈር በሰዓት የሚወጣው ወንበርም ያው ነው። ልዩነቱ የአያቱ ሰው «የእኔ ቁጥር አይደለም» እያለ ሁለት አውቶቡስ ማሳለፉ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ በየሰፈሩ እየዞርን የትኛው መስመር የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ያሁኑ ካርታ ታስቦበት በአንድ ጊዜ የተሳለ አይደለም። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ከመሀሉ ብዙም አትርቅም ነበር። የኮንዶሚኒየም መንደሮች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየዳርቻው ሲከፈቱ፣ ነዋሪው አቤቱታ ይዞ ይመጣል፣ ያለው መስመር ጫፉ ላይ ይቀጠላል፤ አንዳንዱም ለሰፈሩ ብሎ ከነመድረሻው እንደ አዲስ ይፈጠራል። ልብስ እየተጣፈ ሲለበስ ኖሮ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር እስኪጠፋ ማለት ነው።

እህት ከስድስት ኪሎ፦

ጋሼ ያቀረቡትን ስሌት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ያለው «ተሳፋሪ» ጉልበቱ የማይታመም፣ ዕቃ የማይዝና ዝናብ የማይመታው ሰው ይመስላል።

እናቴን በየወሩ ለቀጠሮ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እወስዳታለሁ። ከስድስት ኪሎ ተሳፍረን ቸርችል ጎዳና ላይ የምንወርድበት አንድ ቀጥተኛ አውቶቡስ አለን፤ ቢዘገይም እንጠብቀዋለን። እናቴ ለመውጣት አንድ ጊዜ፣ ለመውረድ አንድ ጊዜ ክንዴን ትይዛለች። ደረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ቀኝ እግሯን ታስቀምጥና «እስቲ ቆይ» ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ከኋላ ያለው ሰውም እንዳይገፋን እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። በአዲሱ አሠራር አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ላይ ወርደን ሌላ እንድንሳፈር ቢደረግ ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ከአምስት ደቂቃ ጋር ተደምሮ ከአሥራ አምስት ያንሳል ሲባል፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅና በሐምሌ ዝናብ ሽቅብ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ እኩል ሆነው ተቆጥረዋል።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። ሁለት አውቶቡስ ማለት ሁለት ቲኬት ማለት ከሆነ፣ ማሻሻያ የተባለው ነገር በተግባር የታሪፍ ጭማሪ ነው። በሚኒባስ ይህን ጠንቅቀን እናውቀዋለን፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ታፔላው የሚለውን መድረሻ ትቶ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ» ሲል፣ መንገድ የቆረጠብን ተሳፋሪውን ለማገልገል ብሎ አይደለም። ስለዚህ «መስመር መቁረጥ» የሚለው ቃል ራሱ እኔን ከመስማቴ በፊት ያስቆጣኛል።

ሦስተኛው ማሳወቅ ነው። መንገዱ ሲሠራ በነበረበት ወቅት የእኛ ፌርማታ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር። አንድ ወረቀት እንኳ አልተለጠፈም። እናቴን ይዤ የድሮው ቦታ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆምኩ በኋላ ነገሩን የነገረኝ አጠገቤ ጫማ ይጠርግ የነበረ ሊስትሮ ነው። አንድ ፌርማታ ማዛወሩን ለሕዝብ ያልነገረ አካል፣ መላውን ካርታ ሲለውጥ ይነግረናል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ካርታ ወዳድ፦

የከተማ ፕላን ትምህርት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። እህታችን ያነሣችው ሥጋት ባዶ ፍርሃት አለመሆኑን የሚያሳይ፣ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ታሪክ አለ። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የካቲት ወር የአውቶቡስ ሥርዓቷን በአንድ ቀን ገልብጣ ለወጠችው። ረጃጅሞቹ ቀጥተኛ መስመሮች ቀርተው ዋና መስመርና መጋቢ መስመር ተባሉ፤ ተሳፋሪው በመሀል እንዲቀይር ሆነ። በወረቀት ላይ ጋሼ ያቀረቡት ዓይነት ነገር ነበር። ሆኖም የተሰማራው አውቶቡስ ከሚያስፈልገው አነሰ፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩ መንገዶችና የመቀየሪያ ጣቢያዎች በብዛት አልተጠናቀቁም ነበር፣ ሰዉም ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጎርፎ መተንፈሻ አሳጣው። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቷ ሚሼል ባችሌት ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። የተበላሸው ስሌቱ ብቻ አልነበረም፤ ስሌቱ የተመሠረተበት መሠረተ ልማት ሳይኖር ካርታው ቀድሞ ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

በተቃራኒው ሴኡል በዚያው አቆጣጠር በ2004 ሐምሌ ወር እንዲሁ በአንድ ቀን ለውጣለች። የእሷ የተሳካበት አንዱ ምክንያት ታሪፉ ነው፤ ተሳፋሪው በካርድ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ ወይም ወደ ባቡር ሲቀይር እንደ አዲስ አይከፍልም፣ የሚከፍለው በተጓዘው ርቀት ነው። አውቶቡሶቹ በአራት ቀለም ተለዩ፦ ሰማያዊው ዋና ዋና መንገዶችን፣ አረንጓዴው ሰፈርን ከባቡር ጣቢያ፣ ቀዩ የዳርቻ ከተሞችን፣ ቢጫው መሀል ከተማን በዙር ያገለግላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ በግምት ያውቃል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የካርድ መሣሪያዎቹ አስቸግረው ብዙ ቁጣ ቀስቅሰዋል፤ የተዘረጋው ነገር ግን ስለነበረ ቁጣው አለፈ። ባርሴሎና ደግሞ አልቸኮለችም፤ ከ2012 እስከ 2018 ጥቂት ጥቂት መስመር እየከፈተች 28 መስመሮችን አጠናቀቀች። 17ቱ ከተራራው ወደ ባሕር የሚወርዱ፣ 8ቱ ከባሕሩ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ 3ቱ ሰያፍ ናቸው። ለእኛ አቅም የሚስማማው ይኸኛው ፍጥነት ይመስለኛል።

የባርሴሎናን ካርታ ግን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እኛም ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚወርድ ከተማ አለን፤ ነገር ግን እንደ ቀበናና ግንፍሌ ያሉ ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚፈሱ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሻገር የሚቻለው ድልድይ ባለበት ብቻ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው ራስ መኮንን ድልድይን አልፎ እንጂ በሌላ አይመቸውም። በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር መሳል የሚወድ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድ ቀን በእግሩ ወርዶ ቢያየው ይማራል።

ሌላው ከዕቅድ ሊቀር የማይገባው ቀላል ባቡሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ እንዲጋሩ ሆነው ስለተሠሩ፣ በመካከል ያሉት ለገሀር፣ ሜክሲኮና ተግባረዕድ ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ ሰው የሚገናኝባቸው ተፈጥሯዊ መቀየሪያዎች ናቸው። ሐዲዱ እዚያ ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ግን፣ የእህታችን እናት ደረጃ መውጣት ግድ ይሆንባቸዋል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ባቡሩ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ለገሀር የሚደርሰው በአውቶቡስ ተራና በልደታ ዞሮ ነው። በቸርችል ጎዳና ቀጥታ ቁልቁል የሚወርደው አውቶቡስ ያንን አይሻማበትም፤ ጠያቂው ያቀረቡት የፒያሳና የሜክሲኮ አጭር መስመር ባቡሩ የሌለበትን ቦታ የሚሞላ ስለሆነ፣ የሌሎቹ መቆረጥ ቢቀር እንኳ እሱ ብቻውን ሊታሰብበት ይገባል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢዋ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ በርካታ ነዋሪ ወደ ዳር ሄዷል። መስመሮቹ የተሳሉት ሰው እዚያ ተጨናንቆ በሚኖርበት ዘመን ነው። አሁን ጠዋት ከዳር ወደ መሀል፣ ማታ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄደው ሰው በዝቶ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደው አውቶቡስ ባዶውን እየሮጠ ነው። የትኛውም አዲስ ካርታ የሰውን አዲስ አድራሻ ሳያጠና ቢሳል የድሮውን ስህተት በአዲስ ቀለም መድገም ነው የሚሆነው።

የለገሀር ተሳፋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ «አንድም አውቶቡስ አልተረፈም» ያሉት ቦታ ላይ ስደርስ ትንሽ አፍሬያለሁ፤ ሐሳቤ አዲስ መስሎኝ ነበር።

እህቴ፣ ስለ እናትሽ ያነሣሽው እውነት ነው፤ የእሷ መስመር ቀድሞውኑ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሊቆረጥ የሚገባው አይመስለኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ላስታውስሽ፤ ይህ ከተማ አሁንም እየቀየረ የሚሄድ ከተማ ነው። የእኔው ቢሮ ውስጥ ከጎሮና ከአስኮ የሚመጡ ባልደረቦቼ ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው የሚሳፈሩት፤ ከሚኒባስ ሃይገር፣ ከሃይገር አውቶቡስ። መቀየሩን የፈጠረው ዕቅድ ስላልሆነ ግን በየቦታው እንደ አዲስ ይከፍላሉ፣ መቀየሪያውም የመንገድ ዳር አቧራ ነው። እኔን አሁን የሚያሳስበኝ መቀየር ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ ያለውን መቀየር ማን ኃላፊነት ወስዶ ጣሪያ፣ መቀመጫና አንድ ቲኬት ያደርግለታል የሚለው ነው። ቅደም ተከተሉን እኔ ብወስን ኖሮ መጀመሪያ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ቀይሮ መሳፈር የሚያስችል ቲኬት እንዲወጣ አደርግ ነበር፤ የትኛውም መስመር ሳይነካ። ያኔ ሰው ራሱ የት ላይ መቀየር እንደሚመርጥ ከቲኬቱ ይታወቅ ነበርና፣ ካርታ ሣዩም ከግምት ይድን ነበር።

ጋሼን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ መስመር ሳይቆረጥ ነገ ጠዋት ሊደረግ የሚችል ነገር የለም?

የቀድሞ የስምሪት ሠራተኛ፦

አለ። አንደኛው ፍጥነት ነው። ያንን የ150 ደቂቃ መስመር አስታውሱት። ለአውቶቡስ ብቻ በተለየ መንገድ፣ በውስጡም ሌላ መኪና እንዳይቆም በመጠበቅ፣ ምልልሱ ወደ 120 ደቂቃ ቢወርድ ያው 5 አውቶቡስ በየ30 ደቂቃው መሆኑ ቀርቶ በየ24 ደቂቃው ይደርሳል። ቀለም ቀብቶ መተው ግን ዋጋ የለውም፤ የተቀባውን መስመር ላዳው ለመጫን፣ ሚኒባሱ ተራ ለመያዝ፣ የቤት መኪናው «ለአንድ ደቂቃ» ሲቆምበት አይቻለሁ። በእኛ ቋንቋ አንድ ተጨማሪ ቢያጆ (ምልልስ) ማለት አንድ ተጨማሪ አውቶቡስ እንደ መግዛት ነው፤ ነዳጁ ይጨምራል እንጂ ብድር አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ስምሪቱን ከሰዓት ወደ ልዩነት መቀየር ነው። እኛ «የ11 ሰዓቱ ወጣ ወይ?» ብለን እንጠይቅ ነበር፤ ተሳፋሪው ግን የ11 ሰዓቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያውቀው ስንት እንደቆመ ነው። አውቶቡሶቹ ያሉበት ቦታ በስልክ በሚታይበት በዚህ ዘመን፣ መንታ የሆኑትን ለመለያየት የኋለኛውን አንድ ፌርማታ ላይ አራት ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው። በውስጡ የተቀመጠው ሰው ይቆጣል፤ ውጪ የቆሙት እየጠቀማቸው መሆኑን አያውቁምና አያመሰግኑም። የስምሪት ሥራ እንዲህ ነው።

ሦስተኛው መሀል ላይ መቋጨቱን መቀነስ ነው። ከደቡብ መጥቶ ለገሀር የሚቆመውንና ከሰሜን መጥቶ ለገሀር የሚቆመውን መስመር አገጣጥሞ አንድ ቢያደርጉት፣ ሁለቱ በየፊናቸው መሀል ከተማ ቆመው የሚያባክኑት ጊዜ ይተርፋል፣ የእህታችንም እናት ጭራሽ ሳይቀይሩ ራቅ ብለው መሄድ ይችላሉ። ችግሩ ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፤ መስመሩ ሲረዝም መንታው ይመለሳል፣ ሳሪስ ላይ የተፈጠረው መዘግየት ሽሮ ሜዳ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ ይህን የማደርገው አጫጭር መስመሮችን ከአጫጭር ጋር እንጂ፣ ረጅሙን ከረጅም ጋር አልነበረም።

ሰው ልብ ስለማይለው ነገር ደግሞ ልናገር። ሜክሲኮ ላይ አዲስ መቋጫ ይደረግ የሚል ማንኛውም ካርታ አውቶቡሶቹ የት ይቆማሉ የሚለውን መመለስ አለበት። በየ10 ደቂቃው የሚመጡ ሦስት መስመሮች እያንዳንዱ አውቶቡስ 10 ደቂቃ ቢያርፍ፣ በማንኛውም ሰዓት ቢያንስ ሦስት አውቶቡስ እዚያ ቆሟል፤ መንታ ሲሆኑ አምስትና ስድስት። ያን ያህል ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ የት እንዳለ አሁን በዓይነ ሕሊናዬ እየዞርኩ ነው፤ አላገኘሁም። ወደ ተግባረዕድ በኩል ትንሽ ገባ ቢባል ይሻል ይሆናል፤ ያኔ ግን ተሳፋሪው ከባቡሩ የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ደግሞም ሾፌሩና ቲኬት ቆራጯ መጸዳጃ ቤት ያስፈልጋቸዋል። በእኔ ጊዜ አንድ መስመር እስከ ሌላኛው ጫፍ የተዘረጋበት ምክንያት ተብሎ በቃል የሚነገረን፣ እዚያ ያለው ሻይ ቤት መጸዳጃውን ለሾፌሮች ስለፈቀደ ነው የሚል ነበር፤ ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ቦታውን በእግራችሁ የምታውቁት ካላችሁ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ባለው ውስጥ አውቶቡስ ዞሮ ሊወጣ የሚችልበት ሰፊ ግቢ ወይም ባዶ መሬት ጠቁሙኝ፤ እኔ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ በኩል ስለማልፍ በእርምጃ ለክቼ እመለሳለሁ።